«ያላችሁን ሁሉ ላኩ» ለሚለው ጽሑፍ፦ ደሴቶቹ ምን ጠየቁ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ ጓደኛዬ ናት። «አንብበውና የሚመስልህን ንገረኝ» አለችኝ። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። መጀመሪያ ለእሷ ብቻ ልመልስ አስቤ ነበር። ግን ጽሑፉን ብዙ ሰው አንብቦታል፣ ብዙ ሰውም «ልክ ነው» ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ በአደባባይ መመለሱ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ጉዳዩ አውሎ ነፋስ ለመታቸው የደሴት ሕዝቦች ስለሚደረግ እርዳታ ነው። ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። አደጋ ሲደርስ ሳናመነታ ያለንን ሁሉ እንላክ። ለተጎጂ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ማባከን ነው። የትንንሽ ደሴቶች መንግሥታት አቅም ስለሌላቸው ሥራውን የውጭ ባለሙያ ይምራው። ብዙ ሰው ያልሞተበት አደጋ ያን ያህል ሊያስጮህ አይገባም። ምግብ ለጥቂት ሳምንት ከቀረበ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል። በመጨረሻም፣ እውነተኛው መፍትሔ ሰዎቹን ከደሴቶቹ ማውጣት ነው።

የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም። ሰው ተቸገረ ሲባል እንቅልፍ የሚያጡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ግን የመከሩት ነገር ሲተገበር የሚጎዳው ሊረዱት የፈለጉት ሰው ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ሳይክሎን፣ ሃሪኬን፣ ታይፎን የሚባሉት አንድ ዓይነት አውሎ ነፋስ ናቸው። ስማቸው የሚለያየው በየትኛው ውቅያኖስ ላይ እንደተነሱ ነው።

ከሟች ቁጥር ልጀምር፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው የቫኑዋቱን አደጋ አንስተው «ለአሥር ምናምን ሟች ያ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?» ብለዋል። ቫኑዋቱ በደቡብ ፓስፊክ ያለች፣ ከ80 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ፓም የተባለው ሳይክሎን ማርች 13 ቀን 2015 መታት። ደረጃው 5 ነበር፣ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ነፋሱ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። የሞተው ሰው በርግጥ ጥቂት ነው። ግን 270 ሺህ ያህል ሕዝብ ካላት አገር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተጎዳ። የጠፋው ንብረትና የታጣው ገቢ ሲደመር ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 60 በመቶውን አለፈ። የሰው ቤት፣ ማሳ፣ ጀልባ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ በአንድ ሌሊት ሲሄድ ጩኸት ካልተጮኸ መቼ ሊጮህ ነው?

ሟቹ ለምን አነሰ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ አልተነሳም። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን በስልክ መልእክት ለሕዝቡ ሲልክ ነበር። በየመንደሩ የአደጋ ኮሚቴዎች ነበሩ። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ናካማል ወደሚባለው የመንደር መሰብሰቢያ ቤት ገባ። አንዳንዱም በአባቶች ብልሃት በተሠሩ፣ ከመሬት ብዙም በማይነሱና በገመድ በተጠፈሩ ጎጆዎች ውስጥ ሌሊቱን አሳለፈ። የሟቹ ቁጥር ያነሰው ሰዎቹ ስለሠሩ ነው። የሠሩትን ሥራ ለእርዳታ መቀነሻ ማድረግ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ «ያላችሁን ሁሉ ላኩ» ወደሚለው። «ከምንም ይሻላል» ይላሉ ጸሐፊው። እዚህ ጋ በጣም ነው የማልስማማው፤ ምክንያቴን ከራሴ ልጀምር።

ለጥቂት ዓመታት የእርዳታ ዕቃ የሚገባበት መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ካርቶን ከፍቼ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከላይ የሕፃን ልብስ ነው፣ በሥርዓት የታጠፈ። ቀጥሎ ወፍራም የሱፍ ካፖርት፣ ኪሱ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት የቀረበት። ከሥር ግማሽ ጠርሙስ ሽሮፕ ፈሶ ልብሱን ሁሉ አጣብቆታል። የሽሮፑ ጽሑፍ ማናችንም በማናነበው ቋንቋ ነው። ሁለት ልጆች ያን አንድ ካርቶን ለመለየት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከውጭ ደግሞ ሸራና ጄሪካን የጫነው መኪና ተራ ይጠብቃል። ያን ካርቶን ያሸገችው ወይም ያሸገው ሰው ክፉ አልነበረም፣ የታጠፈውን ልብስ ያየ ሰው ያን ያውቃል። ግን ያ ደግነት ያን ቀን ሸራውን ግማሽ ሰዓት አስቁሞታል።

ይሄ የአንድ መጋዘን ታሪክ ብቻ አይደለም። ከፓም በኋላ ማንም ያልጠየቃቸው ከ70 በላይ ኮንቴይነሮች የቫኑዋቱ ዋና ከተማ ፖርት ቪላ ወደብ ደረሱ። ከ10 ወር በኋላም 18ቱ እዚያው ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ለማስቀመጫ፣ ለማንሻና ለኮንቴይነር ኪራይ የተቆጠረው ወጪ 1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ደረሰ። ከተላከው ምግብ ውስጥ ብዙው ጊዜው አልፎበት ተጣለ። በቀጣዩ ዓመት ሌላዋን የፓስፊክ ደሴት አገር ፊጂን ዊንስተን የተባለው ሳይክሎን ሲመታት ያው ነገር ተደገመ፣ እንዲያውም ባሰ። ከ130 በላይ ኮንቴይነር ያልተጠየቀ ዕቃ ገባ። ከውስጡ ለሞቃት አገር የማይሆን የክረምት ልብስና ባለ ተረከዝ ጫማ ሳይቀር ተገኘበት።

«ታዲያ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የደሴት ወደብ ምን እንደሚመስል እናስበው። አብዛኛውን ጊዜ መርከብ የሚጠጋበት ቦታ አንድ ነው። ክሬኑም አንድ ነው፣ እሱም በነፋሱ ካልተጎዳ። ኮንቴይነር ሲመጣ የሚረከበው ሰው ካልታወቀና ምን እንደያዘ ዝርዝር ከሌለው አይነሳም፤ ካልተነሳ ቦታ ይይዛል፣ ከኋላው ያለው የመድኃኒት ኮንቴይነርም መርከብ ላይ ይቆያል። ከዋናው ወደብ ራቅ ወዳሉት ደሴቶች ደግሞ በትናንሽ ጀልባ ነው የሚኬደው። ብዙዎቹ ጋ ወደብ የሚባል ነገር የለም። ጀልባዋ ወደ ባሕሩ ዳር ትጠጋለች፣ ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በትከሻቸው ያወርዳሉ። እያንዳንዷ ኪሎ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ታልፋለች። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ትከሻ ላይ ካፖርት መጫን «ከምንም ይሻላል» የሚባል ነገር አይደለም።

አንዳንድ ዕቃ ደግሞ ቦታ መያዝ ብቻ ሳይሆን ሰው ይገድላል። የዱቄት ወተትን እንውሰድ። ሕፃን ያላትን እናት ለመርዳት ከልብ የሚላክ ነገር ነው። ግን ዱቄቱ የሚበጠበጠው በውሃ ነው፣ ውሃው ደግሞ ተበክሏል። ጡጦው የሚቀቀልበት ማገዶ ረጥቧል። ስታጠባ የነበረች እናት ጡጦ ከጀመረች ወተቷ ይቀንሳል፣ ዱቄቱ ሲያልቅም የምትመለስበት ነገር ታጣለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአደጋ ጊዜ የዱቄት ወተት ዝም ብላችሁ አትለግሱ እያሉ ለዓመታት የሚለምኑት ለዚህ ነው። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው፣ ጽሑፉም እዚያ ያለው ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ እንዲሆን ይጠይቃል። ከቤታችን መሳቢያ የምናወጣው ክኒን ከዚህ አንዱንም አያሟላም።

ታዲያ ምን ይላክ? ይሄን ስመልስ ስለ ውሃ ትንሽ ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው «የታሸገ ውሃ በመርከብ ሙሉ» ብለው ጽፈዋል።

ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ወንዝ የለም። ውሃው ከሰማይ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ በአሸንዳው ይሄዳል፣ ታንከር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነፋሱ ጣሪያውን ሲወስድ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ነው የወሰደው። ጉድጓድ ያላቸውም ቢሆኑ ባሕሩ ወደ ላይ ገፍቶ ሲገባባቸው ውሃው ጨው ይሆናል፣ እስኪጠራም ወራት ይፈጃል። እስቲ እናስላው። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰውንና የሚባክነውን ቀንሰን 300 እንበለው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 75 ሊትር ማለት ነው። አንድ ደህና ዝናብ ለአራት ቀን በቃ። አሁን ይሄንኑ 300 ሊትር በጠርሙስ እንላከው ብንል 300 ኪሎ ነው፣ ለአንድ ቤት፣ ለአራት ቀን፣ በዚያ ትከሻ ላይ። ባንጻሩ ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ አሸንዳ፣ ሚስማርና መዶሻ፣ እስኪደርስም ጄሪካንና የውሃ ማከሚያ ክኒን ብንልክ፣ ዝናቡ ራሱ ሥራውን ይሠራል። የታሸገ ውሃ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው። ከዚያ በኋላ አሸንዳው ይበልጣል።

የሚጠየቁት ነገሮች ዝርዝር ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀላል ነው። 4 በ6 ሜትር የሆነ ሸራ፣ ገመድ፣ መጋዝ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት፣ ሳሙና፣ ለሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ። ማንም ሰው ቤቱን ሲያጸዳ አውጥቶ የሚልካቸው ዓይነት አይደሉም። ለዚህ ነው ብር መላክ የሚሻለው፣ የሚገዛው ሰው ዝርዝሩ እጁ ላይ አለና።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ እርዳታ ይዘገያል። ፓም ከመታ በኋላ ራቅ ያሉ ደሴቶች ለቀናት ከዓለም ጋር ተቆራርጠው ነበር። ስልክ የለም፣ ጀልባ የለም። ያ በጣም ያሳዝናል፣ ሊያስቆጣም ይገባል። ግን የዘገየው ዕቃ ስለጠፋ አይደለም። ማድረሻ መንገዱ ስለጠፋ ነው። መፍትሔውም ዕቃውን ከአውሎ ነፋሱ ወቅት በፊት በየደሴቱ ማስቀመጥ ነው። በደቡብ ፓስፊክ ወቅቱ ከኖቬምበር እስከ አፕሪል እንደሆነ ይታወቃል።

ስለ ጥሬ ገንዘብ የጻፉት አንቀጽ ነው የበለጠ ያሳዘነኝ። «ገንዘብ ብትሰጣቸው ይጠጡበታል፣ ሱቅ የለ፣ ምን ሊገዙ?» ይላሉ። ሁለት ነገር ነው የተደባለቀው፣ ልለያየው።

ሱቅ የለም የሚለው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ሁሉም ነገር በወደመበት መንደር በመጀመሪያው ሳምንት ብር አይበላም። እዚያ ምግቡና ሸራው ራሱ ነው መድረስ ያለበት። ይሄን የማይቀበል ሰው አላጋጠመኝም። ግን ደሴት ሁሉ እንደዚያ አይደለም፣ ሱቆችም ከምናስበው ቀድመው ነው የሚከፈቱት። ባለሱቁ ኑሮው ነዋ! ውጭ ነጻ ሩዝ በጆንያ ሲታደል ከከረመ ግን ያ ባለሱቅ ይዘጋል፣ እርዳታው ሲያልቅም የሚሸጥ ሰው አይኖርም።

ይጠጡበታል የሚለውን ደግሞ በፊጂ እንየው። ዊንስተን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሲመታ 44 ሰው ገደለ፣ ኮሮ በተባለችው ደሴት ላይ ቤት የሚባል ነገር አላስቀረም ማለት ይቻላል። የፊጂ መንግሥት ከአደጋው በፊት ለድሆችና ለአረጋውያን በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ ነበረው። ስም ዝርዝሩ አለ፣ መክፈያ መንገዱ አለ። ስለዚህ አዲስ ምዝገባ ሳይጀምር፣ እዚያው ዝርዝር ላይ ላሉት ሰዎች የሦስት ወር ጭማሪ በአንድ ጊዜ ከፈለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በዚያው መንገድ የምግብ ገንዘብ ጨመረ። በኋላ የዓለም ባንክ ሲያጠናው ገንዘቡ የሄደው ለምግብ፣ ለቤት ጥገና፣ ለመሳሰለው አስፈላጊ ነገር ሆኖ ተገኘ። ጭማሪውን ያገኙት ቤተሰቦችም ካላገኙት ፈጥነው ነው ያገገሙት።

ፊጂ ሌላም ነገር ሞክራ ነበር። ቤት ለፈረሰበት ሰው የግንባታ ዕቃ ብቻ የሚገዛበት ካርድ ሰጠች፣ እንደ ጉዳቱ 1,500፣ 3,000 ወይም 7,000 የፊጂ ዶላር የተሞላበት። ይሄ እንከን አልነበረውም አልልም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እንጨትና ቆርቆሮ ፈልጎ ሱቆቹ ባዶ ሆኑ፣ ብዙ ሰውም ካርዱን ይዞ ወራት ጠበቀ። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሱ ኖሮ ደህና ክርክር ይሆን ነበር። መልሱም ቆርቆሮውን ወደ ሱቁ በብዛት ማስገባት ነው የሚሆነው፤ ብሩን መንጠቅ አይደለም። ቫኑዋቱ ውስጥም ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ተጎጂዎች ካርዳቸውን በሰፈር ሱቅ እያስነኩ የሚገዙበትን አሠራር ሞክሯል። አንዷ ሳሙና ትገዛለች፣ ሌላው ሚስማር፣ ሌላዋ የልጇን ደብተር። እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ካርቶን ሰጥቶ እኩል መርዳት አይቻልም።

ድሃ ብር ሲይዝ ያጠፋዋል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ትንሽ ያለው ሰው ነው እያንዳንዷን ሳንቲም የሚቆጥራት።

ቀጥሎ «የውጭ ባለሙያ ይምራው» የሚለው ነው። የደሴት መንግሥታት ትንንሽ ናቸው፣ ሠራተኛቸው ጥቂት ነው፣ ይሄ እውነት ነው። ፓም ሲመታ የቫኑዋቱ ፕሬዚዳንት ባልድዊን ሎንስዴል ራሳቸው ጃፓን ነበሩ፣ ሴንዳይ ላይ። የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጉባዔ ላይ ሊናገሩ ሄደው፣ ጉባዔው ፊት ቆመው ለአገራቸው እርዳታ ጠየቁ። ቤታቸውና ሕዝባቸው በምን ሁኔታ እንዳለ እንኳ በቅጡ ሳያውቁ ነበር።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ብዙ ድርጅቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። እያንዳንዱ የራሱን ዳሰሳ ጀመረ። የመንግሥት ኃላፊዎች በይፋ ቅሬታ አሰሙ፤ ሁሉም ለየብቻው ሲዳስስ እርዳታው ራሱ ዘገየ ብለው። ከመንደሩ ሰው በኩል ሆነን እንየው። ጣሪያ የሌለው ቤትህ ደጃፍ ላይ ቆመሃል። ሰኞ አንዱ ፎርም ይዞ ይመጣል፣ ስንት ናችሁ፣ ምን ጠፋ፣ ምን ትፈልጋላችሁ። ረቡዕ ሌላው ይመጣል፣ ያንኑ ይጠይቃል። ዓርብ ሦስተኛው። ሦስቱም ፎቶ ያነሳሉ። ሸራ ግን ማንም አልያዘም። ጸሐፊው ቅንጅትን «ቢሮክራሲ» ብለው ነው ያጣጣሉት። ቅንጅት ማለት ሰኞ የተጠየቀው ዓርብ እንዳይደገም ማድረግ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ማንም ያላቀደው ፈተና መጣ። ሃሮልድ የተባለው ሳይክሎን፣ እሱም ደረጃ 5፣ አፕሪል 2020 ኤስፒሪቱ ሳንቶና ፔንቴኮስት የሚባሉትን የቫኑዋቱ ደሴቶች መታ። በኮቪድ ምክንያት የቫኑዋቱ ድንበር ተዘግቶ ነበር። አገሪቱ ውስጥ አንድም በሽተኛ አልተገኘም፣ እንዲገባባትም አልፈለገችም። ስለዚህ የውጭ ባለሙያዎች እንደ ወትሮው በአውሮፕላን መጉረፍ አልቻሉም። ከውጭ የመጣ ዕቃም ተለይቶ ቆይቶ ነው የተለቀቀው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር መቆም ነበረበት። አልቆመም። የአገሩ መንግሥት፣ የአገሩ ቀይ መስቀል፣ ቤተ ክርስቲያናት፣ የመንደር አለቆችና የአካባቢው የድርጅት ሠራተኞች ሥራውን መሩት። የሌላ ደሴት ሰዎች ከማሳቸው ነቅለው ለተጎዱት ምግብ ላኩ። መዘግየት ነበር፣ እጥረትም ነበር። ግን ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የትኛው መንደር ከየትኛው መንገድ ጀርባ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚሠራው።

የውጭ ሰው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በጭራሽ። ደሴቶቹ የሌላቸው ነገር መርከብና ሄሊኮፕተር ነው። ፈረንሳይ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ከ1992 ጀምሮ በፓስፊክ ይሄን ለማስተባበር ስምምነት አላቸው፣ ለፓም ጊዜም የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ዕቃ ጭኖ መጥቷል። እሱ ወርቅ የሆነ እርዳታ ነው። ወዴት ይሂድ፣ ምን ይጫን የሚለውን ግን የአገሩ ሰው ይወስን። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ለጋሾችና ትልልቅ ድርጅቶች ራሳቸው ይሄን አምነው፣ እስከ 2020 ከእርዳታ ገንዘብ ሩቡን በቦታው ላሉ ድርጅቶች እናደርሳለን ብለው ቃል ገብተዋል። ቀኑ አለፈ፣ ቃሉ አልተፈጸመም። ጸሐፊው ሊሞግቱት የሚገባው ይሄን ነበር።

«ምግብ ለጥቂት ሳምንት ይበቃል» ለሚለው የማንኛውም ገበሬ መልስ በቂ ነው። ማሳው ላይ የነበረው ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ሙዝ ነው። ሙዙ በነፋሱ ተገንድሷል። ጎደሬው በጎርፍ በስብሷል። እንደ አዲስ ቢተከል ስኳር ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፣ ቦዬ ስምንት ዘጠኝ ወር፣ ሙዝ አንድ ዓመት ገደማ። ኮኮናት ደግሞ ዓመታት። ጥቂት ሳምንት ከየት መጣ? ቦዬ ደግሞ የሚተከለው ከራሱ ከሥሩ ነው። ቤተሰቡ ሲርበው የሚበላው ለዘር ያስቀመጠውን ነው፣ እሱን ከበላ በቀጣዩ ዓመትም ማሳው ባዶ ነው። ስለዚህ የምግብ እርዳታ ዘሩን ከድስት ማዳኛም ነው። ቫኑዋቱ ላይ ከፓም በኋላ በዚያው ዓመት ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ያመጣው ድርቅ ተከተለ። እንደገና የተተከለው ደረቀ። የጥገኝነት ስጋት ላላቸው፣ እነዚህ ሰዎች ገና ጣሪያ ሳይሠሩ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስበው የሚተክሉ ሰዎች ናቸው። የጎደላቸው ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ «ከደሴቶቹ ይውጡ» የሚለው ነው። ጸሐፊው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የጨረሱት። እኔ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም የተሞከረ ነገር ነው።

ባርቡዳ በካሪቢያን ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ከአንቲጓ ጋር አንድ አገር ነች። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ኢርማ የተባለው ሃሪኬን መትቷት አብዛኛውን ቤት አፈራረሰ። ሌላ አውሎ ነፋስ፣ ሆሴ፣ ከኋላ እየመጣ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ አንቲጓ ተወሰደ። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር፣ ነፍስ ለማዳን ነው። ለጥቂት ጊዜ ደሴቷ ላይ ሰው አልቀረም።

የባርቡዳውያን መሬት የጋራ ነበር። ባርነት ከቀረ ጀምሮ በጋራ ሲይዙት ኖረው፣ በ2007 በሕግ ጸድቆላቸው ነበር። ሰዎቹ አንቲጓ ላይ በመጠለያና በዘመድ ቤት ተጠግተው ሳለ፣ ገና ቤታቸው ሳይጠገን፣ ደሴቷ ላይ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ደን መመንጠር ተጀመረ። የጋራ ይዞታውን ሕግ የመቀየሩ ሥራም በዚያው ሰሞን ተያያዘ። መንግሥት ይሄን መልሶ ለመገንባትና ለልማት ነው አለ። ነዋሪዎቹ ግን እኛ በሌለንበት፣ ሳንጠየቅ አሉ። ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በየደረጃው ሲከራከሩ ቆይተው ጉዳዩ ለንደን እስካለው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ፣ ፕሪቪ ካውንስል እስከሚባለው ድረስ ደረሰ። በ2024 ያ ችሎት ነዋሪዎች የማረፊያውን ፈቃድ በፍርድ ቤት የመሞገት መብት አላቸው ብሎ ወሰነ። ማረፊያው ላይ አይደለም የተፈረደው፣ ልብ በሉ፤ የመሞገት መብታቸው ላይ ነው። እሱን ለማግኘት ብቻ ዓመታት ሄዱ።

ጸሐፊው «ይውጡ» ሲሉ ማን እንደሚወስን፣ የት እንደሚያርፉ፣ ጥለውት የሚሄዱት መሬት የማን እንደሚሆን አልጻፉም። የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ነው፣ አንዳንድ መንደር አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም፤ ፊጂ ውስጥ የተነሱ መንደሮችም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን ሰው ጣሪያው በሄደ ማግስት፣ ልጁን ታቅፎ መጠለያ ውስጥ ተቀምጦ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። መጀመሪያ ቆርቆሮውና አሸንዳው ይድረስለት። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተማክሮ፣ እሄዳለሁ ወይም እቆያለሁ ይበል።